ቤተሰቡ አትክልት እንዲበላ የትኛው መንገድ ይሻላል? ለወሎ ቤቶች የንጽጽር መመሪያ

ወሎ ውስጥ አትክልት መሥራት የማያውቅ ቤት የለም ማለት ይቻላል። ሁዳዴ ሲገባ ጎመኑ፣ ጥቅል ጎመን በካሮቱ፣ ቀይ ሥሩና ፎሶሊያው ትሪውን ይሞሉታል። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ማታ ከተምሩ ቀጥሎ ሾርባ ይቀርባል። ፋሲካ ሲውል ጎመኑ፣ ኢድ ሲያልፍ ሾርባው ከገበታ ይሰናበታሉ። ረቡዕና ዓርብ ብቅ የሚለውን ካልቆጠርን ቀሪው ጊዜ የሽሮ፣ የምስርና ሲገኝ የሥጋ ነው። አሠራሩን ሁሉም ያውቀዋል። የሚቸግረው በተራው ማክሰኞ ምሳ ላይ በየትኛው መንገድ ቢቀርብ እንደሚበላ ነው።

መንገዶቹ አራት ናቸው፦ ለብቻው በወጥ መልክ፣ ከሽሮ ወይም ከክክ ጋር ተቀላቅሎ፣ ጥሬውን በሰላጣ፣ ወይም በሾርባ። ስለ ሁሉም ምክር ሞልቷል። ጤና ጣቢያ የሄደ «ሰላጣ ብሉ ተባልን» ብሎ ይመለሳል፤ አያት «ጎመን ምን ጎደለው?» ትላለች፤ ልጁ ሁሉንም ወደ ትሪው ጠርዝ ይገፋል።

የአያት ጥያቄ መልስ አለው። አዲስ ዓመት ሲጠባ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» እየተባለ ያደገ ሰው ጎመንን የሚያውቀው ከክረምት ማጀት ጋር አያይዞ ነው። እህል ባለቀበት ወቅት ቤቱን ያቆየ ምግብ ስለሆነ፣ ጥጋብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። ይህን ስሜት «ቫይታሚን አለው» በሚል ስብከት ማስለቀቅ ዘበት ነው። አቀራረቡን መለወጥ ግን ይቻላል።

በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያውና እኔ ከሁሉም በላይ የማስቀድመው መመዘኛ እምቢ ባዩን ሰው ነው። በየቤቱ አትክልት የማይነካ አንድ ሰው አይጠፋም። ልጅ ሊሆን ይችላል፣ አባወራ ሊሆን ይችላል። የሚበሉት ሰዎች በየትኛውም መንገድ ቢመጣ ይበላሉ። ስለዚህ መንገዱ መመረጥ ያለበት ለማይበላው ነው።

ሁለተኛው መጠን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመክራል። ድንችና ስኳር ድንች እዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገቡም፤ ይህ «ድንች ወጥ ሠርተናልኮ» ለሚል ቤት መርዶ ነው። አምስት ሰው ላለበት ቤት 2 ኪሎ በቀን ማለት ነው። ግማሹን ፍራፍሬ ቢሸፍነው እንኳ በሳምንት 7 ኪሎ አትክልት ይቀራል። ቁጥሩን አይቶ መደንገጥ ግን አያስፈልግም። ቁሌት ላይ የሚገባው ሽንኩርትና ቲማቲምም አትክልት ስለሆነ የወሎ ወጥ ሥራውን ከፊል ጀምሮታል።

ሦስተኛው ማገዶና ድካም ነው። ከሰሉ፣ መብራቱ፣ ደግሞም መላጡንና መክተፉን ማን ይሠራዋል የሚለው። «አትክልት እንብላ» የሚለው ሰው ብዙውን ጊዜ ቢላዋ የሚይዘው ሰው አይደለም። ሁለተኛ ድስት የሚያስጥድ ዘዴ ለአንድ ሳምንት ያምራል፤ ከዚያ በኋላ ይተዋል።

አራተኛው ንጽሕና ነው፤ እሱ በተለይ ሰላጣው ላይ ይመጣል። ዋጋን ለብቻው መመዘኛ ያላደረግሁት ልዩነቱ የሚመጣው ከአሠራሩ ይልቅ ምን፣ መቼና የት እንደተገዛ ስለሆነ ነው፤ እሱን ወደ ኋላ አነሳዋለሁ።

ለብቻው፦ ጎመኑ፣ ጥቅል ጎመኑ፣ ፎሶሊያው

በመጠን ማንም አይደርስበትም። አንድ ሰው ጎመኑን ዋና ማባያ አድርጎ ቢበላ የዕለቱን ድርሻ አብዛኛውን በአንድ ገበታ ይጨርሳል። ገበያ ላይ ትልቅ የሚመስለው እስር ድስት ውስጥ ገብቶ እፍኝ ስለሚሆን ግን ለአምስት ሰው አንድ እስር አይበቃም።

ድካሙም ከፍተኛ ነው፤ ራሱን የቻለ ድስትና ቁሌት ይፈልጋል። ብዙ ቤት ጎመኑን ቀቅሎ ውሃውን ይደፋዋል። ምሬቱ ይቀንሳል፣ ነገር ግን በውሃ የሚሟሙት ቫይታሚን ሲና ፎሌት አብረው ይደፋሉ። ለጋ ቅጠል መርጦ፣ በደቃቁ ከትፎ፣ በትንሽ ውሃ ከድኖ ማብሰል ማገዶም ይቆጥባል። ዘይቱን ፈጽሞ መተው ደግሞ አያዋጣም፤ ጎመን፣ ካሮትና ዱባ ውስጥ ያለው የቫይታሚን ኤ መነሻ በደንብ የሚዋጠው ቅባት አብሮት ሲኖር ነው።

የዚህ መንገድ ድክመት ጎልቶ የሚታየው እምቢ ባዩ ላይ ነው። ጎመኑ ትሪው ላይ ለብቻው ከተቀመጠ ዘሎት ወደ ሽሮው የሚሄድ እጅ ይዘለዋል። ለፍስክ ቀን ግን መድኃኒት አለው፦ ጎመን በሥጋ፣ ወይም ጎመን በአይብ። ለአምስት ሰው የማይበቃ ግማሽ ኪሎ ሥጋ ጎመን ሲገባበት ይበቃል፤ ጎመኑም የክረምት ማጀት መሆኑ ቀርቶ የሥጋ ወዳጅ ሆኖ ይቀርባል። «ሥጋ የሌለበት ምን ምግብ ነው» የሚል አባወራ ላለበት ቤት ከዚህ የሚሻል መግቢያ አላውቅም።

ከሽሮው፣ ከክኩ፣ ከምስሩ ጋር ተቀላቅሎ

የብዙ ቤት መጀመሪያ መሆን ያለበት ይሄ ነው ባይ ነኝ። ሽሮ በየቀኑ ይጣዳል። ሌላ ድስት አያስፈልግም፣ ሌላ ቁሌት አያስፈልግም፣ የሚጨመረው ማገዶም ኢምንት ነው።

አሠራሩ እንደ አትክልቱ ይለያያል። ቆስጣ ስስ ስለሆነ ሽሮው ከተንተከተከ በኋላ፣ ሊወጣ አምስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው በደቃቁ ተከትፎ ይገባል። የአበሻ ጎመን ጠንከር ስለሚል ከቁሌቱ ጋር ቀድሞ ይታሽ። ካሮት ተፈቅፍቆ ቁሌቱ ላይ ከሽንኩርቱ ጋር ቢበስል ወጡን ወፈር፣ ትንሽ ጣፈጥ ያደርገዋል። ዱባ ለምስር ነው፦ ተቀቅሎና ተደፍጥጦ ሲገባ የበርበሬውን ኃይል ያለዝበዋል፤ ለልጆች የሚሠራ ቤት ይህን ይሞክር። አልጫ ክክ ካሮትና ጥቅል ጎመን ያለ ምንም ልመና ይቀበላል። ቀይ ሥር ግን ሽሮ ውስጥ አይግባ። ቀለሙን ያየ ልጅ ሽሮውንም ይተዋል። (ቀይ ሥር የበላ ሰው በማግሥቱ ሽንቱ ቀላ ቢልበት አይደንግጥ፤ አንዳንድ ሰው ላይ የሚታይ ነው።)

ጉድለቱ መጠኑ ነው። ለአምስት ሰው የሚሆን ሽሮ ጠባዩ ሳይለወጥ የሚቀበለው ከግማሽ ኪሎ አይበልጥም። ለአንድ ሰው ሲካፈል 100 ግራም ቢሆን ነው። በየቀኑ ከሆነ ግን በሳምንት አንዴ ከሚሠራ ትልቅ የጎመን ድስት ይበልጣል።

ሌላም ጉድለት አለው። ልጅ አትክልቱን ሳያየው ከበላው አትክልቱን አልለመደም፤ የለመደው ሽሮ ነው። ስለዚህ ሽሮው ውስጥ ያለው ቆስጣ እንዳለ ሆኖ፣ ከጎን ትንሽ ቁራሽ ካሮት ወይም የጎመን ቁንጥር ይቀመጥለት። አይለመን፣ አይቆጡት፣ ጉርሻም ተደርጎ በግድ አይግባ። ልጅ አንድን አዲስ ምግብ ለመቀበል አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ ማየትና መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። ብዙ ወላጅ ሦስተኛው ላይ «አይወድም» ብሎ ይዘጋል።

ጥሬውን፦ ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ

ማገዶ አይፈልግም፣ ቶሎ ይደርሳል፣ ቫይታሚን ሲውም በእሳት አይጠፋም። ይህ የመጨረሻው ነገር እኛ ቤት ከሌላው ዓለም ይልቅ ዋጋ አለው። ጤፉ፣ ምስሩና ሽሮው ውስጥ ያለው ብረት ወደ ሰውነት በደንብ የሚገባው ቫይታሚን ሲ ያለው ነገር በዚያው ገበታ አብሮ ሲበላ ነው። ቲማቲም በቃሪያ ሎሚ ተጨምቆበት ከሽሮ ጎን ቢቀመጥ ትንሽ ሆኖ ብዙ ይሠራል። ቡናና ሻይ ተቃራኒውን ያደርጋሉ፤ ከምግቡ ጋር ተያይዘው ሲጠጡ ብረቱን ያስቀሩታል። አቦሉን ከምሳ አንድ ሰዓት ያህል ማራቅ ይሻላል። ወሎ ላይ ተቀምጦ ይህን መጻፍ ድፍረት መሆኑ ይገባኛል። ደም ማነስ ያለባትና ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ግን ይስማኝ።

የሰላጣው ጉዳይ ንጽሕናው ነው። የደሴንና የኮምቦልቻን ፍሳሽ የሚሸከመው ቦርከና ነው፤ በወንዙ ዳርም አትክልት ይለማል። ሰላጣ መሬት ለመሬት የሚበቅል፣ ቅጠሉ የተጣጠፈ፣ በጥሬው የሚበላ በመሆኑ በየትኛው ውሃ እንደለማ መጠየቅ ነውር የለውም። አሜባ፣ ጃርዲያ፣ ታይፎይድና የወስፋት ዕንቁላል የሚመጡት በዚህ በር ነው። ኮምጣጤና ሎሚ ጣዕም እንጂ ዋስትና አይሰጡም። ቅጠሉን አንድ በአንድ ፈልቅቆ በሚወርድ ንጹሕ ውሃ ማጠብ ብዙውን ያስወግዳል፣ ሁሉንም ግን አያስወግድም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ያህል ውሃ ለሰላጣ ማፍሰስ ራሱ ፈተና ነው።

ስለዚህ የኔ ምርጫ፦ ጥሬ የሚበላው የሚላጥ ወይም ቆዳው ለስላሳ የሆነ ይሁን። ካሮት ታጥቦ ተልጦ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ። የቅጠል ሰላጣ ምንጩን ከምታውቁት ጓሮ ብቻ። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅና ለነፍሰ ጡር ምንጩ ያልታወቀ ጥሬ ቅጠል አይቅረብ፤ ቆስጣውን አብስሎ መስጠት ይበቃል።

በሾርባ

ስለ ሾርባ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ረመዳንን ያሳለፈ ቤት ጥቅሙን ያውቀዋል። አጃው ወይም የስንዴው ክክ ባለበት ካሮት፣ ዱባ፣ ጥቅል ጎመንና ቆስጣ ይጨመራል። ጥርስ ለሌላቸው አዛውንት፣ ለታመመ ሰውና ለሕፃን ምቹ ነው። የተቀቀለበት ውሃ ስለሚጠጣም የሚደፋ ቫይታሚን የለም። ለደሴ ብርድ ደግሞ ሌላ ምክንያት አያሻውም። ችግሩ ብዙ አዋቂ «ሾርባ ምግብ አይሆነኝም» ማለቱ ነው። ከሾርባው በኋላ እንጀራው በሽሮ መምጣቱ ካልቀረ ድካሙ ሁለት እጥፍ ይሆናል። ከእራት በፊት ልጆች በሚርባቸው ሰዓት መስጠት ከሁሉ የተሻለ ቦታው ነው፤ የራበው ልጅ አይመርጥም።

ከየት ይምጣ?

ገበያ፣ ጉልት፣ ወይስ ጓሮ? ሳምንታዊ ገበያ፣ ደሴ ላይ ሰኞ ገበያን የመሰለው፣ በብዛት ለሚገዛ ይረክሳል። ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ዱባና ሽንኩርት ሳምንት ስለሚቆዩ የገበያ ዕቃ ናቸው። ጎመንና ቆስጣ በማግሥቱ ስለሚጠወልጉ ከሰፈር ጉልት በየሁለት ቀኑ ቢገዙ ይሻላል። ማቀዝቀዣ ለሌለው ቤት ይህ ክፍፍል ብቻውን ብዙ ብክነት ያድናል። ያልተቆረጠ ዱባ ደግሞ ለሳምንታት ስለሚቆይ ገንዘብ ባለ ጊዜ ገዝቶ ማስቀመጥ ነው።

ወቅቱንም ማየት ያስፈልጋል። ከቆቦና ጊራና ሸለቆ የሚወጣው የመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም በበጋ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ዋጋው ይወርዳል። ክረምት ላይ ቲማቲሙ ሲወደድ ጎመኑ በየጓሮው ይትረፈረፋል። በየወቅቱ የረከሰውን ተከትሎ ድስቱን መለዋወጥ እንጂ ዓመቱን ሙሉ ቲማቲም ማሳደድ ኪስ ያራቁታል።

ጓሮ ያለው ይትከል። ጓሮ የሌለው ተከራይ አንድ የ50 ኪሎ ማዳበሪያ ከረጢት ይበቃዋል፦ ሁለት እጅ አፈር በአንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ ይሞላል፣ ውሃ እስከ ታች እንዲደርስ መሐሉ ላይ ከታች እስከ ላይ ጠጠር ይደረደራል፣ አፉ ላይና በተቀደደው ጎኑ ችግኝ ይተከላል። ከረጢቱ አትክልት የታጠበበትን ውሃ ይጠጣል፤ ሳሙናና በረኪና ያለበት ግን አይፈስበትም። ቆስጣና ጎመን ከዳር ከዳር ሲቀጠፉ እንደገና ያቆጠቁጣሉ፤ ቆስጣ ከተዘራ ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው መቀጠፍ ይጀምራል።

የት እንዳላችሁ ግን ይወስነዋል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ከኅዳር ጀምሮ የሚወርደው ውርጭ ቲማቲምና ቃሪያን ሲያቃጥል ጎመን ይችለዋል። ከዚያ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ቲማቲሙም ቃሪያውም ያለ ጭንቀት ያፈራል። ደጋ ላይ የቲማቲም ችግኝ ገዝቶ የሚያዝን ሰው ጥቂት አይደለም።

ከረጢቱ ቤቱን ይቀልባል ብሎ መጠበቅ ግን አይሆንም። ሁለት ሦስት ከረጢት የሚሰጠው ሙሉ ድስት ጎመን ሳይሆን በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ ሁለት እፍኝ ቅጠል ነው። እሱ ደግሞ ለሽሮው ልክ የሚሆነው መጠን ነው። ከረጢት የሚተክል ቤት በመቀላቀል መንገድ ቢጀምር የሚሻለው በዚህም ምክንያት ነው።

በአንድ ዕይታ

| መመዘኛ | ለብቻው ወጥ | ከሽሮ/ክክ ጋር | ጥሬ | ሾርባ |
|---|---|---|---|---|
| እምቢ ባዩ ይበላዋል? | ይዘለዋል፤ በሥጋ ወይም በአይብ ከሆነ ይበላል | አዎ፣ በአብዛኛው | ልጅ ካሮቱን፣ አዋቂ ቃሪያና ቲማቲሙን | ልጅና አዛውንት አዎ፣ ሌላው አይጠግብም |
| በአንድ ጊዜ የሚበላው መጠን | ብዙ | መካከለኛ፣ ግን በየቀኑ | ትንሽ | መካከለኛ |
| ማገዶና ድካም | ከፍተኛ | በጣም ዝቅተኛ | ማገዶ የለውም፤ እጥበቱ አድካሚ | ከፍተኛ |
| ጥንቃቄ | የቀቀሉበትን ውሃ አለመድፋት | ቅጠሉን አብዝቶ አለማብሰል | የውሃው ምንጭ፣ እጥበት | ጨው አለማብዛት |
| በጀት ሲጠብ | ጎመን በረከሰበት ወቅት | ዓመቱን ሙሉ ይቻላል | ቲማቲም ሲረክስ | ዱባና ካሮት ካለ |

ለየትኛው ቤት የትኛው?

አንድ ምድጃና አንድ ክፍል ላለው ተከራይ፣ ወይም ከሥራ ማታ ለሚገባ ቤት፣ ሽሮው ውስጥ መቀላቀል። ሌላውን አትሞክሩ፤ ቢያንስ ለመጀመሪያው ወር። ከዚያ ቲማቲም በቃሪያው ይጨመር።

ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ምስር በዱባና ከእራት በፊት ሾርባ ይያዝ፣ ካሮቱ ከጎን ሳይታክት ይቀመጥ። ስድስት ወር የሞላው ሕፃን ካለ ከሾርባው ጨውና በርበሬ ሳይገባ ካሮቱንና ዱባውን አውጥቶ በደንብ ደፍጥጦ መስጠት ነው፤ ለእሱ ብቻ የሚጣድ ድስት አያስፈልግም።

በጀቱ ደህና የሆነና በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ሥጋ የሚበላ ቤት፣ ጎመን በሥጋ አንዱን ቀን ይውሰድ። ሥጋው ይቀንስ እንጂ አይቅር።

የስኳር ሕመምተኛ ያለበት ቤት ለብቻው የሚሠራውን ጎመን፣ ጥቅል ጎመንና ፎሶሊያ ቢያዘወትርና እንጀራውን ቢቀንስ ይጠቀማል። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ግን ጎመንና ቆስጣን አንድ ሳምንት አብዝቶ በሌላው ሳምንት መተው ስለሚጎዳው መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር። የኩላሊት ሕመም ያለበትም እንዲሁ።

በአንድ ጣራ ሥር ጿሚና የማይጾም ካለ፣ እንደ ብዙ የወሎ ቤት፣ አንዱን ድስት በዘይት ሠርቶ ጎመኑንም ክኩንም ለሁሉም ማውጣት ነው። ቅቤው ወይም አይቡ በኋላ ለሚበላው ሰው በሳህኑ ላይ ይደረግለታል፤ ማንኪያው ብቻ ወደ ድስቱ አይመለስ።